ከአይጥ መርዙ ጎን የተቀመጠው ዳጣ

ቶማ ከሥልጠናው በተመለሰ ማግስት ሱቁን ከላይ እስከ ታች ገለበጠው።

ሥልጠናው የግማሽ ቀን ነበር። በሶዶ ከተማ ትንንሽ ሱቅ ያላቸውን ነጋዴዎች በአንድ ፎቅ ቤት አዳራሽ ሰብስበው፣ ሻይና ብስኩት አቅርበው፣ ሰው ዕቃ የሚገዛው እንዴት እንደሆነ አስተማሯቸው። አስተማሪዋ ወርቅውሃ ትባላለች። ከጎጃም ተመድባ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ከቶማ ሱቅ ራቅ ብላ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ነጋዴ ዕቃውን በአራት ወገን ከፍሎ ማየት አለበት አለች። የመጀመሪያው ሰው ሳያስብበት የሚገዛው ነው፤ ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና። ለዚህ ማንም ሩቅ አይሄድም፤ ቅርብ የተገኘ ሱቅ ይሸጠዋል። ሁለተኛው ተመርጦ የሚገዛ ነው፤ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ስልክ። ገዢው ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ጨርቁን በጣቱ ያሻል፣ «እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል፤ አንዳንዱ እውነትም ይመለሳል። ሦስተኛው ልብ የቆረጠበት ዕቃ ነው። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቅቤ ስትገዛ በደጇ የሚያልፈውን ሁሉ ትታ፣ በሚኒባስ ሻንቶ ድረስ ሄዳ፣ ከአንዲት ከምታውቃት ሴት ካልሆነ አልገዛም የምትል እናት ቤታችሁ የለችም ወይ ብላ ስትጠይቅ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ የሁሉም ቤት እንደዚያው ነበር። አራተኛው ደግሞ ማንም አስቦበት ከቤቱ የማይወጣለት ነው፤ የሬሳ ሣጥን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የአይጥ መርዝ። ችግሩ ካልመጣ በቀር ስሙን እንኳ መስማት የሚወድ የለም።

«ዕቃውን ብቻ አትዩ» አለች በመጨረሻ፤ «የገዢውን እግር እዩ። ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ ከየት እንደሚመለስ።»

ቶማ ይህን እንደ ስብከት ነው የሰማው። መስማት ያውቅበታል። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሰው ሲጠፋ መጽሐፍ ቅዱሱን ከሚዛኑ አጠገብ ዘርግቶ ያነባል፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ የመጣውን ያዳምጣል። ባልና ሚስት የተጣሉ፣ ልጃቸው ያስቸገራቸው፣ እጮኛ ያልሰመረላቸው፣ ሳሙና ሊገዙ ገብተው ልባቸውን አራግፈው ይወጣሉ። በቶማ ጆሮ የገባ ነገር በአፉ ሲወጣ የሰማ ሰው በሰፈሩ የለም።

እናም ሱቁን በአራት ወገን ከፈለው። ጨውና ክብሪቱን እጅ የሚደርስበት ቦታ አመጣው። ብርድ ልብሱንና ድስቱን እየተገለበጠ እንዲታይ መሀል ላይ ደረደረው። የአይጥ መርዙን ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ጥጉ ውስጥ ወሸቀው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ አምፖሉ ሥር፣ ልብ ለቆረጠበት ዕቃ ባዘጋጀው ቦታ፣ የሚስቱን ዳጣ አሰለፈው።

ይህ ዳጣ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ነገር ነበር። ሚስቱ አስካለች አረካ ገበያ ሽንኩርት ስትነግድ ዓመታት ያሳለፈች ሴት ናት። ጉልበቷ ግን እምቢ አለ። ሐኪሙ ሸክምና የሚኒባስ ደረጃ ተይ አላት፤ ስትመለስ በየመንገዱ እየቆመች፣ አጥሩን ይዛ ነው የምትገባው። ስለዚህ ቁጭ ብላ የምትሠራው ነገር ፈለገች። ቶማ የመፍጫ ድንጋዩን በጠረጴዛ ቁመት አስቀመጠላት፤ እሷም በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ጤና አዳሙን እያሸች ዳጣ ሠርታ በባለክዳን ጠርሙስ ትሞላ ጀመር። ይሸጣል ብላ ተስፋ አደረገች። ካልተሸጠ ወደ አረካ መመለስ ነው፤ ልጃቸው ማቲ ገና ጅማ ተማሪ ነው።

ችግሩ ዳጣ መሆኑ ነበር። በዚያ ሰፈር ጥሬ ሥጋ ያለ ዳጣ አይበላም፣ ዳጣ ደግሞ አይገዛም። የእያንዳንዷ ሴት ዳጣ እንደ ፊርማዋ ነው። አንዱ ቤት ዝንጅብሉ ይቀድማል፣ ሌላው ቤት በሶብላው ይሸታል፤ እንግዳ ሁሉ ቀምሶ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ዳጣ ገዛች ማለት ልጇን ጎረቤት አስጠባች እንደ ማለት ነው።

ላይኛው መደርደሪያ ላይ የተሰለፉት ጠርሙሶች እንደ ፎቶ ተቀመጡ። ሰው አንጋጦ ያይና፣ አድንቆ፣ ክብሪቱን ይዞ ይሄዳል። ቶማ ሲቸግረው ምናልባት የዕለት ዕቃ ይሆናል ብሎ ከጨው ጎን አወረደው። ይህኛው ባሰ። ከእነሱ ፊት ለፊት የሚኖረው ሀብታሙ አንዱን ጠርሙስ ብድግ አድርጎ እያገላበጠ፣ «ይሄን የሚገዛው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሚስት የለውም?» ብሎ ሱቅ ሙሉ ሰው አሳቀ። አስካለች ከጓዳ ሰምታለች።

ቶማ ጠርሙሶቹን ከዓይን ለማራቅ ብሎ አንሥቶ ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ከአይጥ መርዙ ጎን አስቀመጣቸው። ዳጣውም መሸጥ የጀመረው ይኼኔ ነው።

መጀመሪያ የመጣችው የሀብታሙ ሚስት ሰርካለም ናት። በሰፈሩ የዳጣ ነገር ሲነሣ የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው። ዘንድሮ ግን ቢሮ ተቀጥራ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። ሱቁ ባዶ መሆኑን አይታ ገባችና፣ ድመት ዳጣዋን እንደደፋባት፣ ማታ እንግዳ እንዳለባት፣ ለዛሬ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። በጥቁር ፌስታል አስጠቀለለችው። ስትወጣ ዞር ብላ፣ «የማቲ አባት፣ በእግዚአብሔር፣ ለማንም» አለችው።

«ለማንም» አላት ቶማ።

ከዚያ መምህርት ኢየሩሳሌም መጣች፤ ፈተና እያረመች ጊዜ አጥታ ነው፣ ለዛሬ ብቻ። ከዚያ ገና አዲስ ሙሽራ የሆነችው ሶልያና መጣች። ያደገችው አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ስለሆነ ዳጣ መሥራት ጨርሶ አታውቅም፤ ለባሏ ግን እናቴ አስተምራኛለች ብላዋለች። ከዚያ ሌሎችም መጡ። ሁሉም ለዛሬ ብቻ ነበር፣ ሁሉም በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፣ ሁሉም ቃል አስገቡት። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ዳጣ የሚለው ቃል አይነሣም፤ «ያንን ከጥግ ያለውን» ይላሉ፣ ቶማም ሳይጠይቅ ፌስታሉን ይዘረጋል። እያንዳንዷ ሌላዋ እንደማትገዛ እርግጠኛ ናት።

አንድ ቀን ሀብታሙ ራሱ እያጨሰ መጣና ተደግፎ ቆመ። በሰፈሩ አይጥ በዝቷል እንዴ አለው። ሚስቱ ከእሱ ሱቅ መርዝ እየገዛች እንደምትመጣ፣ እሱ ግን ቤቱ ውስጥ የአይጥ ጭራ እንኳ እንዳላየ ነገረው። ቶማ ውሸት አይወድም። ትንሽ አሰበና፣ አይጥ ካላየህ ደስ ይበልህ አለው። ሀብታሙም መርዙ ጥሩ ነው ማለት ነው ብሎ ሄደ።

አስካለች ማን እንደሚገዛ ጠይቃው አታውቅም። ጠርሙስ ሲያልቅ ታያለች፣ ትሞላለች። በርበሬ እያሸች መዝሙር መዘመር ጀምራለች፤ ይህም ለቶማ ይበቃዋል።

ጊፋታ ሲቃረብ ወርቅውሃ በትልቅ ወሬ መጣች። በየክልሉ የሚሠራ ምግብ እየሰበሰቡ አዲስ አበባና ሀዋሳ ላሉ ሱቆች የሚያከፋፍሉ ሰዎች ከወላይታ አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ እንድትጠቁማቸው ጠይቀዋታል፤ እሷም ከቶማ ሱቅ ዳጣ በይፋ የምትገዛ ብቸኛ ሰው ስለሆነች የአስካለችን ልትጠቁም አስባለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው አለች። ሰዎቹ፣ ወላይታ ያልበላውን የወላይታ ዳጣ ብለን ለሌላው አንሸጥም ብለዋል። የሰፈሩ ሰው ይህን ዳጣ እንደሚገዛ ጠይቃ ማረጋገጥ አለባት። መልሱን የሚፈልጉት በዓሉ እንዳለፈ ነው።

አስካለች እጇን ታጥባ ወጥታ ሁለት ጊዜ እንድትደግምላት ለመነቻት። ከጥጉ የሚሸጠው ጥቂት ጠርሙስ ለማቲ ወጪ አይበቃም ነበር፤ ይህ ከሆነ ግን በአረካ መንገድ ዳግመኛ አትታይም። ወርቅውሃም ቤት ለቤት ሄደች።

ስትመለስ ፊቷ እንደ አወጣጧ አልነበረም። ሰርካለም ጋ ገብታ ነበር፤ ሰርካለም ከገበያ ዳጣ ትገዣለሽ ወይ ተብላ መጠየቋ ራሱ አስከፍቷታል። ኢየሩሳሌም ስቃ ነበር የሸኘቻት። ሶልያና፣ እኔ የራሴን ነው የምሠራው፣ እናቴ አስተምራኛለች ብላታለች። አንድም ቤት እገዛለሁ ያለ የለም። «እኔ የማላየውን አየሁ ብዬ ልጽፍ አልችልም፣ ጋሽ ቶማ» አለች። እውነቷን ነበር፤ ቶማም ለዚህ ወደዳት እንጂ አልተቀየማትም።

ወርቅውሃ እንደሄደች አስካለች ባሏን ተመለከተችው።

«ታውቃለህ አይደል ማን እንደሚገዛ?»

«አውቃለሁ።»

«ሂድና ንገራት።»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ አስካለች።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

አስካለች ቁጭ አለች። ጆሮህ ሣጥን ነው አለችው፤ ሰው ሁሉ ይከትበታል፣ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ የላሸቀው ጉልበት ግን የእኔ ነው። ቶማ፣ ሴት በሱቁ ጥግ ቆማ አምናው የነገረችውን ለገዛ ጥቅሙ ቢያወጣ፣ ነገ በምን አፉ ሰው ይመክራል? ቢያስቀር ደግሞ ሚስቱ በዚያ ጉልበት ሚኒባስ ልትሳፈር ነው። በዚያ ሰሞን ጸሎቱ ረዘመ። አስካለችም አላኮረፈችውም፤ ዳጣዋን መሥራቷን ቀጠለች፤ ከበዓሉ በኋላ ወደ አረካ ስትመለስ ባዶ ጠርሙሶቹን ለማን እንደምትሰጥ ብቻ ታወራለች።

ጊፋታ ደረሰ። የሰፈሩ ቤቶች እንደ ልማዳቸው በጋራ በሬ ገዝተው ነበርና ቅርጫው የታረደው በሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ በአባባ ጩማ ግቢ ነው። አባባ ጩማ የሀብታሙ አባት፣ የሰርካለም አማት ናቸው፤ በአማርኛ ጀምረው በወላይትኛ የሚጨርሱ፣ ለሥጋ ያላቸው ፍቅር ከዕድሜያቸው ጋር ያደገ ሽማግሌ። ወርቅውሃም ተጋብዛ መጥታለች። ገና ከበሩ በወላይትኛ የበዓል ሰላምታ «ዮዮ ጊፋታ» ብላ ስትገባ የግቢው ሰው በአነጋገሯ ደስ ብሎት ጮኸ።

ይህ ሰፈር አንድ የራሱ ወግ አለው። ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ፣ ለጋራ ምሳ የተቀመጠው ይቀርባል፣ ከየቤቱ ደግሞ አንድ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ዳጣ፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፣ አግዳሚው ላይ ይደረደራል። አባባ ጩማ ቀይ ሥጋ ቆርጠው ከአንዱ ወደ አንዱ እያጠቀሱ ይሄዱና የዓመቱ እጅ የማን እንደሆነ ይናገራሉ። ሽልማት የለውም። ግን ያቺ ሴት እስከሚቀጥለው ጊፋታ ድረስ ቀና ብላ ትሄዳለች።

ቶማ ሳህኖቹ ሲደረደሩ አየና ነገሩ ገባው። እስከዚህ ሰዓት አላሰበውም ነበር። የሰርካለም፣ የኢየሩሳሌም፣ የሶልያና፣ የሌሎቹም፤ ሁሉም የወጣው ከአንድ ጓዳ ነው።

አባባ ጩማ ከሰርካለም ሳህን ጀመሩ። አላመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጥሩ ነው አሉ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። አላመጡና ቆሙ። ሦስተኛውን ቀመሱ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፣ ውኃ ጠይቀው አፋቸውን ተጉመጠመጡ። አራተኛውን ሲያጠቅሱ እጃቸው ቀስ አለ። ሰዉ እየተሳሳቀ ይጠብቃል፤ ዘንድሮ ፉክክሩ ከብዷል ይላል። ሴቶቹ ግን አይስቁም። ሰርካለም የኢየሩሳሌምን ሳህን ታያለች፣ ኢየሩሳሌም የሶልያናን ታያለች፣ ሶልያና መሬት መሬት ታያለች።

አባባ ጩማ ሥጋውን አስቀምጠው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ምላሴ ሞተ።»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው አልቀለዱም። ዓይናቸው ውኃ ሞልቷል። አባታቸው ሲያረጁ መጀመሪያ ጆሯቸው እንደሄደ፣ እሳቸውም የሚጠብቁት የጆሮን እንደነበረ፣ ምላስ ቀድሞ ይሄዳል ብለው ግን አስበው እንደማያውቁ በወላይትኛ ተናገሩ። ሁሉም አንድ ሆነብኝ አሉ። ይህ ሁሉ ሴት ደክሞ የሠራውን መለየት ካልቻልኩ እኔ ምኑን ሰው ነኝ፣ ነገ ሆስፒታል ውሰዱኝ። ሀብታሙ ደንግጦ አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ፤ ከመካከላቸው ጸሎት እናድርግ ያለም ነበር።

ቶማ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለም። «አባባ፣ ምላስዎ አልሞተም» አለ። «አንድ ሳህን ይቀራል። እሱን ይቅመሱት።»

የቀረው የአስካለች ነበር። ከሁሉም ትንሹ ሳህን፣ መጨረሻ ላይ። አባባ ጩማ ተስፋ በቆረጠ እጅ አጠቀሱ። አላመጡ። ቅንድባቸው ተነሣ። እንደገና አጠቀሱ፣ ፊታቸውን አኮሰታተሩ፣ ከዚያ ፀሐይ የወጣላቸው ያህል በራ።

«ይሄኛው አይረባም» አሉ። «ተመስገን፣ ይሄኛው ጭራሽ አይረባም።»

ጨው የለውም፣ በርበሬው ጥሬ ነው፣ በሶብላ የሚባል አልነካውም እያሉ፣ ጉድለቱን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ በእያንዳንዱ ደስ እየተሰኙ፣ ለሰዉ ሁሉ አቃመሱት። ሰዉም እፎይ ብሎ ሳቀ። ሀብታሙ፣ የማን ሳህን ነው ብሎ ጠየቀና ሲነግሩት፣ እንዴ፣ የነጋዴዋ ነው እንዴ፣ ያ ከጨው ጎን የነበረው ነዋ አለ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። ወርቅውሃ አልሳቀችም፤ አጎንብሳ ሳህኗን ታያለች።

አስካለች በግራ እጇ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ፈገግ ብላለች፤ ቶማ ግን ያችን ፈገግታ ያውቃታል፣ ማቲን ጅማ ልካ ከመናኸሪያ ስትመለስ የያዘችው ነበረች። ያን ዕለት ጠዋት ሶልያና እንባ አዝላ መጥታ የመጨረሻውን ጠርሙስ፣ ለገዛ ቤታቸው የተቀመጠውን፣ ለምና ወስዳለች። አስካለች ለሳህኗ የሚሆን ያገኘችውን በርበሬ በጥድፊያ አሽታ ነው የመጣችው።

ቶማ ተነሣ። በሰው ፊት ቆሞ መናገር የቤተ ክርስቲያን ልማዱ ነው።

«እኔ ቃል የሰጠሁት ሰው አለ» አለ። «ቃሌን አላፈርስም፤ ብትገድሉኝም አላፈርስም። ግን ቃሉን የተቀበለኝ ሰው ሊፈታኝ ይችላል። ዛሬ ፍቱኝ ብዬ እለምናለሁ።»

ወንዶቹ ምን እንደሚል አልገባቸውም። አባባ ጩማ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ምን አለ፣ ምን አለ ይላሉ። ግቢው ውስጥ ቢላዋ የሚስለው ሰው እንኳ እጁን አቆመ። ቶማ ማንንም አላየም፤ ማንን እንደሚያይ ሰዉ እንዳይቆጥርበት ዓይኑን እንሰቱ ላይ ተከለ።

ሰርካለም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«አባባ፣ ምላስዎ ደህና ነው» አለች። «የእኔ ሳህን የአስካለች ነው። ከሱቅ ገዝቼ ነው ያመጣሁት።»

ሀብታሙ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አያት።

«አይጡስ?» አላት።

«አይጥ የለም።»

ኢየሩሳሌም በሳቅ ፈነዳች፤ መሳቋ ራሱ ኑዛዜ ሆነባትና፣ የእኔም ነው፣ የእኔም ከዚያው ከጥጉ ነው አለች። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ። አንቺም? አንቺም እንዴ? እየተባባሉ፣ ለወራት እርስ በርሳቸው የተደባበቁትን በአንድ ትንፋሽ አወጡት። ባሎቹ እንደ ተመልካች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በመጨረሻ ሶልያና ባሏን እያየች፣ እናቴ አላስተማረችኝም፣ እናቴ ራሷም አትችልም አለች። ባሏም ይህን ካወቀ መቆየቱን፣ የአማቱን ዳጣ ቀምሶት እንደሚያውቅ ሲናገር የግቢው ሳቅ ከአጥር ውጭ ተሰማ።

አባባ ጩማ ሁሉም ነገር በወላይትኛ እንደገና እንዲነገራቸው ጠየቁ። ሲነገራቸው ምላሳቸውን አውጥተው በጣታቸው ነኩት፣ የጠፋ ከብት የተገኘላቸው ይመስል። ከዚያ ወደ አስካለች ዞሩ።

«ታዲያ ይሄ የማይረባው ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ደህናውን ለእነሱ ሸጬ ጨረስኩ፣ አባባ» አለች አስካለች። አሁን የሳቀችው በእውነት ነው። «ለራሴ የሚሆን አልቀረም።»

ወርቅውሃ እስከዚያ ድረስ ስትሰማ ቆይታ፣ እጇን ታጥባ፣ የግቢውን ሴቶች እንደገና ልጠይቅ እንዴ አለች። ከገበያ ዳጣ የምትገዛ አለች? አግዳሚው ላይ የነበረ እጅ ሁሉ ተነሣ፤ የአንዳንዱ ሥጋ ይዞ ነበር። አባባ ጩማም የዓመቱ እጅ የአስካለች ነው ብለው ፈረዱ፤ ጥሩውም መጥፎውም የእሷ ስለሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም አሉ።

ሰዎቹ ከበዓሉ በኋላ መጥተው ቀመሱ፣ ተስማሙ፣ የመጀመሪያውንም ጭነት ወሰዱ። አስካለች አረካ የሄደችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም በርበሬ መርጣ፣ ነጋዴዎቹን ተከራክራ፣ በኮንትራት መኪና ተቀምጣ ለመመለስ።

ቶማ ግን ሌላ ነገር ገጠመው። ሴቶቹ በድብቅ ሲገዙ ዝም ብለው ነበር የሚገዙት። አሁን በግልጽ ገቡና አፍ አወጡ። አንዷ ዝንጅብሉ በዛ ትላለች፣ ሌላዋ ያለፈው ሳምንት ይሻል ነበር ትላለች፣ ሀብታሙ ራሱ እየመጣ ክዳኑን ከፍቶ አሽትቶ፣ «ሌላ አምጣ» ይላል። ወርቅውሃ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ሰው የሚያማርረው የራሱ ያደረገውን ዕቃ ነው አለች። ቶማም ይህን እንደ በረከት ተቀብሎ፣ ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ፣ ያማረረውን ሁሉ ያዳምጣል።

ከሁሉ የባሰችው ሰርካለም ናት። በአንድ ቅዳሜ እጅጌዋን ጠቅልላ በጓዳ በኩል ገባች። ሥራ በሌለኝ ቀን አብሬሽ አሻለሁ፣ ግን ጨውሽን አስተካክዪ አለቻት። አስካለችም፣ የእኔን ጨው የምትነካ ሴት አልተወለደችም አለች። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ጓዳው ውስጥ ሁለት ድንጋይ ይጮኻል፣ ከድንጋዩ በላይ ደግሞ ሁለት ሴት። ቶማ ከሱቁ ሆኖ ይሰማል። አንዷ ጤና አዳሙ ቀድሞ ይገባል ስትል ሌላዋ ማን አስተማረሽ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ስለ አንዲት ጎረቤት ይንሾካሾኩና ይሳሳቃሉ። እሱም በልቡ፣ ጌታ ሆይ፣ ይህን ጭቅጭቅ አታጥፋብን ይላል።

አንድ ቀን ሁለቱም ማንኪያ ይዘው ወደ ሱቁ ወጡ። አንደኛው የአስካለች፣ ሁለተኛው የሰርካለም ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እሱ ይፍረድ ተባለ። ቶማ በሩን አየ፤ ገዢ አልመጣለትም። የሚስቱን ቀመሰ። የሰርካለምን ቀመሰ። ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አፉን ያያሉ።

ስለዚህኛው ነገር ማንም ቃል አላስገባውም ነበርና እውነቱን ተናገረ።

«የሰርካለም ይሻላል።»

ሰርካለም እልል አለች። አስካለች ማንኪያውን ከእጁ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። የዚያን ቀን የቶማ ምሳ በጣም ዘገየ፤ ሲደርስም ከጎኑ ሁለት ዓይነት ዳጣ ቀርቦለት ነበር፣ የትኛው የማን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም።